ልውጥ ዘርና የተቀባዩ አገር ፈቃድ

በ2002 ዓመተ ምሕረት (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት፣ የኢትዮጵያ ተብለው ካልተለዩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በደቡባዊው አፍሪካ ዝናም ተዛብቶ ከዛምቢያ ሕዝብ ከ2 ሚሊዮን የሚበልጠው የዕለት ጉርሱን ከርዳታ በሚጠብቅበት ወራት፣ ከአሜሪካ ተጭኖ የመጣው በቆሎ ልውጥ ዘር፣ ይኸውም ዘረመሉ በሰው ጥበብ የተለወጠ ዘር፣ የተቀላቀለበት መሆኑ ስለ ታወቀ፣ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ሌቪ ምዋናዋሳ እህሉ ለሕዝባቸው እንዳይታደል ከለከሉ። ውሳኔያቸው ዓለምን ሁሉ አነጋገረ፤ አንዳንዱ የተራበ ሰው ደጅ ላይ የደረሰን እህል መመለስ ኀጢአት ነው ብሎ ሲፈርድባቸው፣ ሌላው ደግሞ አንድ አገር ቢደኸይም ቢራብም ወደ ማሳው ስለሚገባው ዘር የመወሰን መብቱ ከእጁ አይወሰድም ብሎ ደገፋቸው። መንግሥታቸውም የራሱን ሊቃውንት ወደ አሜሪካ፣ ወደ አውሮፓና ወደ ደቡብ አፍሪካ ልኮ ነገሩን ካስመረመረ በኋላ በክልከላው ጸና። ጎረቤቶቹ ዚምባብዌና ሞዛምቢክ ግን መካከለኛውን መንገድ መርጠው፣ በቆሎው ተፈጭቶ ይግባ፣ በጥሬው ግን አይግባ አሉ።

በዱቄቱና በጥሬው መካከል የተደረገው ይህ ልዩነት ለችኩል ዓይን ጥቃቅን ነገር መስሎ ቢታይም፣ የነገሩ ሥር የተተከለው ከዚሁ ላይ ነው። ዱቄት ተቦክቶና ተጋግሮ ያልቃል፤ ጥሬው እህል ግን ከገበሬ ቤት ከገባ፣ ከፊሉ ለምግብ ሲውል ከፊሉ ለመጪው የዘር ወራት ይቀመጣል፤ የተቀመጠውም ይዘራል፣ የተዘራውም ያብባል፤ በቆሎም ነፋስ የአበባውን ብናኝ ተሸክሞ ከማሳ ወደ ማሳ የሚያዳቅለው ተክል ስለ ሆነ፣ አንድ ጊዜ የገባው ባሕርይ ከአያት ከቅድመ አያት ሲወራረስ በኖረው ዘር ውስጥ ገብቶ ከዚያ በኋላ ማንም ለቅሞ ሊያወጣው አይችልም። እንዲህ ያለውን ጉዳይ የሚዳኝ ዓለም አቀፍ ሕግ በዚያን ጊዜ ተጽፎ ነበር፤ ነገር ግን ገና አልጸናም ነበር። ስሙም የካርታኼና የደኅንነተ ሕይወት ፕሮቶኮል ይባላል፤ በሞንትሪያል ከተማ በጥር 29 ቀን 2000፣ ይኸውም በኢትዮጵያ ዘመን ጥር 20 ቀን 1992 ተቀባይነት አግኝቶ፣ ሃምሳኛዋ አገር ካጸደቀችው በኋላ በመስከረም 11 ቀን 2003፣ በእኛ አቆጣጠር በ1995 ዓ.ም. የመጨረሻ ዕለት በጳጉሜን 6 ቀን፣ የሕግ ኃይል አገኘ።

ሰው ዘርን መምረጥና ማዳቀል የጀመረው በትናንትናው ዕለት አይደለም። የኛ ገበሬዎች ጤፍን ከዱር ሣር ለይተው፣ ገብሱንና ማሽላውን እንደ ደጋውና እንደ ቆላው ጠባይ እያለማመዱ፣ ከዘመን ወደ ዘመን ያስተላለፉት ሥራ ታላቅ ጥበብ ነበረ። ነገር ግን በዚያ ጥበብ የሚጋባው ስንዴ ከስንዴ፣ ላም ከበሬ ነበር እንጂ፣ የአፈር ባክቴሪያ ከበቆሎ ጋር የሚጋባበት መንገድ አልነበረም። በ1973 ስታንሊ ኮኸንና ኸርበርት ቦየር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሊቃውንት ዘረመልን ከአንዱ ሕያው ፍጥረት ቆርጦ በሌላው ውስጥ የመቀጠሉን ሥልት ባሳዩ ጊዜ ግን በወገንና በወገን መካከል የነበረው አጥር ተከፈተ። ዛሬ ባሲለስ ቱሪንጄንሲስ ከሚባለው የአፈር ባክቴሪያ የተወሰደ ዘረመል በጥጥና በበቆሎ ውስጥ ገብቶ፣ ተክሉ ራሱ የሚበላውን ትል የሚገድል ፕሮቲን እንዲያመነጭ ያደርገዋል፤ ለስኳር በሽተኞች ሕይወት የሆነው ኢንሱሊንም የሰው ዘረመል በተቀጠለበት ባክቴሪያ አማካይነት ይመረታል።

ጥንቃቄውን በመጀመሪያ የጠየቁት የሃይማኖት መምህራንም ሆኑ የመንግሥት ሹማምንት አይደሉም፤ ሊቃውንቱ ራሳቸው ናቸው። በየካቲት 1975 በፖል በርግ አስተባባሪነት በካሊፎርኒያ የባሕር ዳርቻ በአሲሎማር ተሰብስበው፣ የገዛ እጃቸው ሥራ ምን ሊያመጣ እንደሚችል እስኪመረመር ድረስ አንዳንዱን ሙከራ እንዲያቆሙና ሌላውንም በተዘጋ ቤተ ሙከራ ብቻ እንዲያካሂዱ ተስማሙ። እንዲህ ያለ ራስን የመግዛት ምሳሌ በዕውቀት ታሪክ ውስጥ ብዙ ስለማይገኝ በአክብሮት ሊነሣ ይገባዋል። ሆኖም ዘሩ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ወደ ማሳ፣ ከማሳም ወደ ገበያ በደረሰ ጊዜ የሊቃውንቱ ስምምነት ብቻውን አልበቃም። በ2000 መስከረም ላይ በአሜሪካ ለከብት መኖ ብቻ የተፈቀደ ስታርሊንክ የተባለ ልውጥ በቆሎ፣ ፕሮቲኑ በሰው ሆድ ውስጥ ቶሎ ስለማይፈጭ አለርጂ ያመጣ ይሆናል ተብሎ ለሰው ምግብ ያልተፈቀደ ሆኖ ሳለ፣ በሱቅ በሚሸጥ የበቆሎ ቂጣ ውስጥ ተገኘና ከ300 የሚበልጡ የምግብ ዓይነቶች ከገበያ ተሰበሰቡ። መመርመሪያ መሣሪያ፣ የሠለጠነ ተቆጣጣሪና ጽኑ ሕግ በሞላበት አገር ሁለት ዓይነት እህል ሳይቀላቀል መቆየት ካልቻለ፣ ጆንያ ከጆንያ ሳይለይ በአንድ ጎተራ በሚከማችበት አገር ምን ሊሆን እንደሚችል ለመገመት አያዳግትም።

ወደ ሕጉ አመጣጥ እንመለስ። በ1992 በሪዮ ዴ ጃኔሮ ለፊርማ የቀረበው የብዝሀ ሕይወት ስምምነት በ19ኛው አንቀጹ፣ ስለ ልውጥ ሕያዋን ዝውውር የተለየ ፕሮቶኮል ማስፈለጉን ተዋዋዮቹ እንዲመክሩበት አዝዞ ነበር። በ1995 በጃካርታ የተደረገው ጉባኤ ድርድሩ እንዲጀመር ወሰነ፤ በ1996ም በዴንማርክ በኦርሁስ ከተማ ልዑካኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጡ። ሀብታሞቹ አገሮች የፈለጉት ጠባብና ልል የሆነ ጽሑፍ ነበር፤ ምክንያቱም ጥበቡም፣ ዘሩም፣ የንግዱም ትርፍ በእጃቸው ነውና። ሰፋ ያለና ጥርስ ያለው ሕግ ይጻፍ ብሎ ረቂቅ አዘጋጅቶ የቀረበው የአፍሪካ ቡድን ሲሆን፣ የዚያ ቡድን አፈ ጉባኤ፣ በኋላም የታዳጊ አገሮች ሁሉ ቃል አቀባይ ሆነው የተሟገቱት ኢትዮጵያዊው የዕፀዋት ሊቅ ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር ነበሩ።

እኚህ ሰው በ1940 በዓድዋ ተወልደው፣ በአዲስ አበባ ከተማሩ በኋላ በ1969 በዌልስ ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕርግ ያገኙ፣ የአሥመራ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የነበሩ፣ የኢትዮጵያን ዕፀዋት ለመመዝገብ በተደረገው ታላቅ ሥራ ዋና ድርሻ የነበራቸው፣ ከዚያም የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን የመሩ ናቸው። በድርድሩ አዳራሽ ይዘውት የገቡትም ሐሳብ ከዚሁ ዕውቀታቸው የመነጨ ነበር፤ ይኸውም የዓለም ገበሬ ሁሉ የሚመካባቸው የሰብል ዘሮች የተገኙትና ዛሬም በብዛት የሚኖሩት በድኾች አገሮች ማሳ ውስጥ ስለ ሆነ፣ በዚያ ማሳ ላይ የሚደርሰው ጥፋት ጉዳቱ ለአንድ አገር ብቻ ሳይሆን ለዓለም ነው የሚል ነው። የአገራችን ቡና፣ ጤፍ፣ ኑግና እንሰት መገኛቸው በዚሁ ምድር መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ክርክራቸው ምን ያህል ከባድ እንደ ነበረ ግልጽ ነው። በ2000 ዓመተ ምሕረት አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ፤ በመጋቢት 2023 ዐረፉ። ስማቸው በአገራቸው ከሚነሣው ይልቅ በውጭ አገር መጻሕፍት የሚነሣው እንደሚበዛ ሳስብ እጅግ አዝናለሁ።

በየካቲት 1999 በኮሎምቢያ የወደብ ከተማ በካርታኼና ሕጉ ይጸድቃል ተብሎ ልዑካኑ ተሰበሰቡ። በአንድ ወገን እህል ወደ ውጭ የሚልኩት አርጀንቲና፣ አውስትራሊያ፣ ካናዳ፣ ቺሊ፣ ኡሩጓይና አሜሪካ የማያሚ ቡድን ተብለው ቆመዋል፤ በሌላው ወገን ቻይና ራሷ ያለችበት እጅግ የበዛው የታዳጊ አገሮች ቡድን አለ፤ በመካከል የአውሮፓ ኅብረት፣ የምሥራቅ አውሮፓ አገሮችና አስታራቂ ሐሳብ የሚፈልጉት እነ ስዊዘርላንድ፣ ኖርዌይና ጃፓን ይገኛሉ። የማያሚ ቡድን፣ በመርከብ ለምግብና ለመኖ የሚጫነው ጅምላ እህል በሕጉ ውስጥ ከገባ የዓለም የእህል ንግድ ይታሰራል ብሎ ተከራከረ፤ ክርክሩ ከንግድ አንጻር ሲታይ ባዶ አልነበረም፣ ምክንያቱም በሺህ የሚቆጠር ቶን እህል ዘሩን በየዓይነቱ ለይቶ መጫን ብዙ ወጪ ይጠይቃልና። ታዳጊዎቹም በመለሱት መልስ፣ ለምግብ ተብሎ የገባ ጥሬ በገበሬ እጅ ዘር እንደሚሆን እያወቅን እህሉን ከሕጉ ብናወጣ ሕጉ ምን ቀረው አሉ። ከሌሊቱ ሁሉ ክርክር በኋላም ጉባኤው ያለ ስምምነት ተበተነ፤ የከተማይቱ ስም ብቻ ከፕሮቶኮሉ ጋር ቀረ።

ድርድሩን ከሞት ያስነሡት የኮሎምቢያ የአካባቢ ሚኒስትር ኹዋን ማየር ነበሩ። በዚያው ዓመት በመስከረም የየቡድኑን አፈ ጉባኤዎች በቪየና አስቀምጠው፣ ማን አስቀድሞ እንደሚናገር በዕጣ ይለይ ዘንድ ቀለማቸው ልዩ ልዩ የሆነ ኳሶችን ከከረጢት እንዲያወጡ አደረጉ። ነገሩ የልጆች ጨዋታ ቢመስልም ፍሬው ትልቅ ነበር፤ የኃያላኑም የደካሞቹም ተራ በዕጣ ተለይቶ፣ ሁሉም በእኩልነት ተቀምጦ እርስ በርሱ መደማመጥ ጀመረ። በሞንትሪያል በረዶ በሸፈነው የጥር ወር እንደገና ተገናኝተው፣ ከብዙ ሌሊት በኋላ ሊነጋጋ ሲል ጽሑፉ ጸደቀ።

እንግዲህ ጽሑፉ ምን ይላል? ልቡ ያለው በቅድሚያ ዐውቆ መስማማት በተባለው ሥርዓት ላይ ነው። በአገራችን ልማድ እንግዳ ከደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ሳይል፣ ከውስጥም «ይግቡ» ሳይባል የሰው ግቢ እንደማይረግጥ ሁሉ፣ ልውጥ ዘርን በሌላ አገር አፈር ሊዘራ የሚሻ ላኪ፣ የዘሩን ማንነት፣ የተቀጠለበትን ዘረመል፣ የአደጋውንም ግምት በጽሑፍ አዘጋጅቶ ለተቀባዩ አገር ማስታወቅ አለበት። ተቀባዩ በ90 ቀናት ውስጥ ማስታወቂያው እንደ ደረሰው ይመልሳል፤ በ270 ቀናት ውስጥም ይግባ፣ አይግባ፣ ወይም እንዲህ ባለ ሁኔታ ይግባ ብሎ ይወስናል፤ ተጨማሪ መረጃም ሊጠይቅ ይችላል። ቀኑ ቢያልፍና መልስ ባይሰጥስ? ዝምታው እንደ ፈቃድ አይቈጠርም ሲል ፕሮቶኮሉ በግልጽ ደንግጓል። ለእኔ ከአንቀጾቹ ሁሉ ይህች ዐረፍተ ነገር ትበልጥብኛለች፤ ባለሙያው ጥቂት፣ ጽሕፈት ቤቱ ጠባብ የሆነ ድኻ አገር መልስ በመዘግየቱ ብቻ ማሳውን እንዳያጣ የምትጠብቀው እርሷ ናትና።

ሌላው ታላቅ ነገር የጥንቃቄ መርሕ ነው። አንድ ልውጥ ዘር ጉዳት ስለማምጣቱ የተሟላ የሳይንስ ማረጋገጫ ባይኖርም፣ ማረጋገጫው መጉደሉ ራሱ ተቀባዩን አገር ጉዳቱን ለማስቀረት ወይም ለማሳነስ ከመወሰን አያግደውም። የአደጋው ግምገማ በሳይንስ ሥርዓት እንዲካሄድ፣ ዘሩ የሚገባበት አገር የሰብሉ መገኛና የብዝሀነቱ ማዕከል መሆን አለመሆኑም እንዲመረመር ታዟል፤ ተቀባዩ ከፈለገም የግምገማውን ወጪ አስታዋቂው እንዲሸከም ሊያደርግ ይችላል። እንዲሁም ብዝሀ ሕይወትን ከመጠበቁ ጋር የተያያዘውን የሕዝቡን ኑሮና ኢኮኖሚ በውሳኔው ውስጥ ማስገባት ተፈቅዷል፤ ይህን አንቀጽ ለማስገባት አፍሪካውያኑ የተሟገቱት ሙግት ቀላል አልነበረም።

ይሁን እንጂ ድርድር ነውና የተሰጠም የተወሰደም ነገር አለ። በካርታኼና ጉባኤውን የበተነው የጅምላ እህል ጉዳይ በቅድሚያ ዐውቆ ከመስማማቱ ጥብቅ ሥርዓት ወጥቶ ለብቻው ተደነገገ፤ አንድ አገር ለምግብ፣ ለመኖ ወይም ለፋብሪካ የሚሆን ልውጥ ሰብልን ለራሱ ሲፈቅድ በ15 ቀናት ውስጥ ለዓለም አቀፉ የደኅንነተ ሕይወት መረጃ ማዕከል ያስታውቃል፣ ሌሎቹም በየሕጋቸው ይወስናሉ። ከእህሉ ጋር የሚሄደው ሰነድ ልውጥ ሕያዋን «ሊኖሩበት ይችላሉ» ብሎ ቢጽፍ ይበቃዋል ተባለ። ስድስት ዓመት ቆይቶ በ2006 በብራዚል በኩሪቲባ ተዋዋዮቹ፣ ማንነቱ የታወቀ ጭነት ልውጥ ሕያዋን አሉበት ተብሎ እንዲጻፍ የሚያሳስብ ውሳኔ ቢያሳልፉም፣ ያልታወቀው በቀድሞው ቃል እንዲቀጥል ተደረገ። ለሰው የሚሆኑ መድኃኒቶችም፣ ሌላ ዓለም አቀፍ ስምምነት የሚገዛቸው እስከ ሆነ ድረስ፣ ከሕጉ ውጭ ናቸው። ሕጉ የሚመለከተው ሕያዋንን ብቻ ስለ ሆነም፣ ከልውጥ አኩሪ አተር የተጨመቀ ዘይትና ከልውጥ በቆሎ የተፈጨ ዱቄት በቅድሚያ ፈቃድ ሥርዓቱ አይገቡም።

ከ170 የሚበልጡ ወገኖች ዛሬ የፕሮቶኮሉ ተዋዋዮች ሲሆኑ፣ ልውጥ እህልን በብዛት ከሚያመርቱት መካከል አሜሪካ፣ ካናዳና አርጀንቲና ከውጭ ናቸው። የዚህም ጉዳት ወዲያው ታየ፤ ሦስቱ አገሮች በ2003 አውሮፓውያንን በዓለም የንግድ ድርጅት ዘንድ በከሰሱ ጊዜ፣ በ2006 የተሰጠው የዳኞቹ ሐተታ፣ ከሳሾቹ ያልገቡበት ሕግ ነው በማለት ፕሮቶኮሉን ለጉዳዩ መተርጐሚያ አድርጎ አልተቀበለውም። ጉዳት ከደረሰ በኋላ ማን ይክሳል የሚለውም ጥያቄ በሞንትሪያል ሳይመለስ ቀርቶ ለአሥር ዓመት ተንከባለለ፤ በጥቅምት 2010 በጃፓን የናጎያና የኳላ ሉምፑር ተጨማሪ ፕሮቶኮል ጸድቆ፣ በመጋቢት 2018 የሕግ ኃይል አገኘ።

ኢትዮጵያ ፕሮቶኮሉን በ2003 ካጸደቀች በኋላ የደኅንነተ ሕይወት ዐዋጅ ቁጥር 655ን በ2001 ዓ.ም. በራሷ አቆጣጠር አወጣች። ዐዋጁ በጥብቅነቱ የታወቀ ነበር፤ ተመራማሪዎቹ እንኳን ዘሩን ልንዘራ፣ በተዘጋ ቦታ ልንመረምረው አላስቻለንም እያሉ አማረሩ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2007 ዓ.ም. ዐዋጅ ቁጥር 896 አሻሽሎት ለምርምሩ በር ተከፈተ፤ በ2018 በአውሮፓውያን ዘመንም ትል የማይደፍረው ልውጥ ጥጥ በአገሪቱ እንዲለማ ተፈቀደ። አንዳንዱ ይህን ድል፣ አንዳንዱም ክህደት አድርጎ ያየዋል። በእኔ አስተያየት ግን ጥያቄው ሕጉ ጠበቀ ወይስ ላላ ከማለት ያለፈ ነው። እምቢ ማለትም እሺ ማለትም ዕውቀት ይፈልጋሉ፤ በጉምሩክ ደጃፍ የቆመውን የእህል ናሙና ዘረመሉን የሚለይ ቤተ ሙከራ፣ የላኪውን የአደጋ ግምገማ አንብቦ ስሕተቱን የሚያወጣ የራሳችን ሊቅ፣ ከተዘራም በኋላ ማሳውን ዓመት ከዓመት የሚከታተል ታማኝ ተመልካች ከሌለ፣ በሞንትሪያል የተገኘው መብት በወረቀት ላይ ይቀራል። እንሰትን የሚያጠወልገው የባክቴሪያ በሽታ በደቡብ የገበሬውን ጓሮ እየጨረሰው ሳለ፣ በዘረመል ጥበብ መድኃኒት ይገኝለት ይሆን ብሎ የሚመረምረውን ወጣት ተመራማሪና ዘራችን እንዳይበረዝ ብሎ የሚጨነቀውን አዛውንት ገበሬ በአንድ ጉባኤ የሚያቀራርባቸው ይኸው ዕውቀት ብቻ ነው።

ነገር ግን ሕጉ በተጻፈበት ጊዜ ያልነበረ፣ ሰው ሠራሽ ሥነ ሕይወት የሚባል ጥበብ መጥቷል። በ2010 አሜሪካዊው ክሬግ ቬንተርና ባልደረቦቹ ከአንድ ሚሊዮን ፊደል የሚበልጠውን የአንድ ባክቴሪያ ዘረመል በሙሉ በመሣሪያ ሠርተው፣ በሌላ ባክቴሪያ ውስጥ አስገብተው ሕይወት እንዲዘራ አደረጉት። በ2012 ኢማኑኤል ሻርፓንቲዬና ጄኒፈር ዳውድና ክሪስፐር የተባለውን ዘረመልን በፈለጉት ቦታ የመቁረጥ ሥልት አቀረቡ፤ በ2020ም ኖቤል ተሸለሙበት። የወባ መድኃኒት የሆነውን አርቴሚሲኒን፣ ተክሉን ሳያለሙ፣ ዘረመሉ በተለወጠ እርሾ አማካይነት ማምረት ተችሏል። የብዝሀ ሕይወት ስምምነት ተዋዋዮችም በ2016 በካንኩን ለዚህ ጥበብ የሥራ ትርጓሜ ሰጡት፤ በፕሮቶኮሉ ሥር እንዴት እንደሚውል ግን ክርክሩ እስካሁን አላለቀም።

ያስቸገረው የሕጉ አሠራር ነው። ፕሮቶኮሉ የታነጸው አንድ ሕያው ነገር በመርከብ ወይም በካሚዮን ተጭኖ ድንበር ይሻገራል በሚል እሳቤ ላይ ሲሆን፣ ዛሬ የዘረመሉ ቅደም ተከተል በስልክ መስመር ተልኮ በሄደበት አገር በመሣሪያ ሊሠራ ስለሚችል፣ በጉምሩክ ደጅ የሚያልፍ፣ ማስታወቂያ የሚጻፍለት፣ 270 ቀን የሚቆጠርለት ምንም ነገር አይኖርም። የላኪና የተቀባይ ሥርዓት ሁሉ በወደቡ ላይ የቆመ ስለ ሆነ፣ ወደቡ ሲታለፍ ሕጉም አብሮ ይታለፋል።

ከዚህም የሚበልጠው የወባ ትንኝ ጉዳይ ነው። በተለመደው ሥርዓተ ተፈጥሮ አንድ ዘረመል ለልጆች የመተላለፍ ዕድሉ እኩሌታ ነው፤ በክሪስፐር አማካይነት የሚሠራው ዘረመልን የማስፋፋት ሥልት ግን የተቀጠለው ባሕርይ ለልጆቹ ሁሉ ሊባል በሚቻል ደረጃ እንዲወረስ ስለሚያደርግ፣ በጥቂት ትንኞች የተጀመረው በጥቂት ትውልድ ውስጥ ወገኑን ሁሉ ሊያጥለቀልቅ ይችላል። በ2018 የለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ ሊቃውንት ሴቶቹን መካን በሚያደርግ እንዲህ ባለ ሥልት በቤተ ሙከራ ውስጥ የተያዙ የአፍሪካ ወባ ትንኞችን ከ7 እስከ 11 በሚደርስ ትውልድ ውስጥ ፈጽመው እንዲጠፉ አደረጉ። በዚያው ዓመት በሻርም ኤል ሼኽ የተሰበሰቡት ተዋዋዮች፣ እንዲህ ያለ ሕያው ነገር ወደ ሜዳ ከመለቀቁ በፊት የአደጋው ግምገማ በየጉዳዩ እንዲካሄድና የነባር ሕዝቦችና የአካባቢው ማኅበረሰብ ፈቃድ እንደ አግባቡ እንዲጠየቅ ወሰኑ። የአንድ ሉዓላዊ አገር ፈቃድ ግን፣ ትንኙ ከዚያ አገር ወጥቶ ወደ ጎረቤቱ ሲበር፣ ለጎረቤቱ ምን ይጠቅመዋል?

ለእኛ ይህ ጥያቄ ሩቅ አይደለም። ከእስያ የመጣው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለው የወባ ትንኝ በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የሚራባ ሲሆን፣ በ2012 በጅቡቲ፣ በ2016 በሱማሌ ክልል በቀብሪ ደሃር ተገኝቷል፤ በ2022ም በድሬዳዋ ለተነሣው የወባ ወረርሽኝ ምክንያት ሆነ። በግንቦት 2024 ጅቡቲ ኦክሲቴክ ከተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ጋር ተስማምታ፣ የሴት ልጆቻቸው ዕድሜ ለአቅመ ንክሻ ሳይደርስ እንዲያልቅ የተደረጉ ወንድ ትንኞችን በአምቡሊ ለቀቀች። ወንዶቹ አይነክሱም፤ ባሕርዩም ራሱን እየገታ የሚጠፋ እንጂ ወገኑን የሚያጥለቀልቅ አይደለም፤ ጅቡቲም በገዛ አፈሯ ላይ የመወሰን መብት ያላት፣ በወባ እጅግ የተጎዳች አገር ናት። ሆኖም ከጅቡቲ እስከ ድሬዳዋ ባቡር አለ፣ ካሚዮን አለ፣ ውኃ የያዘ በርሜል አለ፤ ትንኝም በእነዚህ ሁሉ ይጓዛል። የፕሮቶኮሉ 17ኛ አንቀጽ ሳይታሰብ ድንበር የሚሻገር ልውጥ ሕያው በብዝሀ ሕይወት ላይ ብርቱ ጉዳት ሊያደርስ የሚችል ሲሆን ለጎረቤት ማስታወቅና መመካከር እንደሚገባ ያዛል። ጉዳት የማያደርስ ከሆነ ግን ማስታወቁ ግዴታ አይመስልም፤ የሚያደርስ መሆኑንና አለመሆኑን ደግሞ አስቀድሞ የሚመዝነው ለቃቂው አገር ነው። ይህን ጉድለት በአፍሪካ ቀንድ አገሮች መካከል በሚደረግ የተለየ ስምምነት መሙላት የሚቻል ይመስለኛል፤ ለድሬዳዋም ሆነ ለጅቡቲ የትንኙን ዝርያ የሚለይ፣ የተለቀቀውንም ዘረመል የሚፈልግ የጋራ ክትትል ቢኖር ከክርክር ይልቅ ብዙ ይረዳል።

ማዘግየቱም ዋጋ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በ2023 ብቻ 597,000 ሰዎች በወባ ሞተዋል፤ ከመቶ 95 የሚሆኑት በአፍሪካ የሞቱ ናቸው። በሌላው በኩል ቡርኪና ፋሶ፣ በ2019 በባና መንደር መካን ወንድ ትንኞችን እንዲለቅ የፈቀደችለትን ታርጌት ማላሪያ የተባለውን የምርምር ሥራ፣ በ2025 ነሐሴ ላይ እንዲቆም አዘዘች። ሁለቱም ፍርሃቶች እውነተኞች ናቸው፤ አንዱን ለማቃለል ሌላውን መናቅ አይገባም። በ2024 በኮሎምቢያ በካሊ የተሰበሰቡት ተዋዋዮች ዘረመልን ስለሚያስፋፉ ሕያዋን የአደጋ ግምገማ የሚሆን መመሪያ ተቀበሉ፤ መመሪያው በፈቃድ የሚሠራበት እንጂ አስገዳጅ አይደለም። በዚያው ጉባኤ ስለ ሰው ሠራሽ ሥነ ሕይወት ታዳጊ አገሮች ባለሙያና መሣሪያ የሚያገኙበት የሥራ ዕቅድ እንዲዘጋጅ ተወስኗል። ዕቅዱ ሲዘጋጅ የእኛ ልዑካን ከሞንትሪያሉ አፈ ጉባኤ ከዶክተር ተወልደብርሃን የወረሱትን ቦታ ይዘው፣ የድሬዳዋን የውኃ ማጠራቀሚያና የቀብሪ ደሃርን ትንኝ ያጠኑትን የገዛ ባለሙያዎቻችንን አብረው ይዘው ቢቀርቡ፣ የሚጠይቁት ነገር ቁርጥ ያለ ይሆናል፤ ለምሥራቁ ቆላ የሚበቃ አንድ የዘረመል ቤተ ሙከራ፣ በየዓመቱ የሚሠለጥኑ የትንኝ ሊቃውንት፣ ከጅቡቲና ከሱማሌም ጋር የሚያገናኝ አንድ የክትትል መዝገብ።